አሜሪካ እየኖሩ የትኛውን ቡድን መደገፍ ይሻላል? ለጀማሪ ደጋፊ የንጽጽር መመሪያ

እንግሊዝ አገር የተወለደ ልጅ ቡድን አይመርጥም። አባቱ ወይም ሰፈሩ ይመርጥለታል። አዲስ አበባም ብዙ አይለይም። ጊዮርጊስ ወይም ቡና መሆን ከቤት፣ ከሰፈር ወይም ከጓደኛ ነው የሚመጣው። አሜሪካ ውስጥ ግን አብዛኛው ቤት የሚወረስ የኳስ ቡድን የለውም። ጀማሪው ፊት 30 የኤምኤልኤስ (የአሜሪካ የወንዶች ዋና ሊግ) ክለብ፣ 20 የፕሪሚየር ሊግ ክለብ፣ የስፔኑ፣ የጀርመኑ፣ የጣልያኑ፣ የሜክሲኮው፣ ከዚያ ደግሞ የሴቶቹ ሊግ ተደርድሯል። ሁሉም በስልክ ይታያል። ችግሩም ይኸው ነው።

"የማን ደጋፊ ልሁን?" የሚለው ጥያቄ ከፈረንጅ የሥራ ባልደረባ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን የሚጠይቀን እዚሁ ተወልዶ ያደገ የራሳችን ልጅ ነው። መልሳችን የታወቀ ነው። "አርሰናል ነዋ!" ወይም "ማንቼ!" ብለን እንዘጋዋለን። እኛን ደጋፊ ያደረገን ግን ክለቡ ብቻ አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ የተጨናነቀው ዲኤስቲቪ ቤት ነበር፣ አብሮ የሚጮኸው ሰፈር ነበር። ልጁ እነዚህ የሉትም። ስለዚህ የራሱ ምክንያት ያስፈልገዋል።

እዚህ "ማን ይበልጣል" የሚል ክርክር የለም። ዓመተ ምህረቱን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

## መጀመሪያ መመዘኛው

እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ሰዓትን ነው። ሰውን ደጋፊ የሚያደርገው ዋንጫ ሳይሆን በየሳምንቱ ማየት ነው። ሁልጊዜ የምታዩት ደካማ ቡድን፣ አልፎ አልፎ ከምታዩት ሻምፒዮን ይልቅ ልባችሁን ይይዘዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ቡድኑ የሚጫወተው እኔ ነፃ በምሆንበት ሰዓት ነው ወይ?" የሚል ይሁን።

ሁለተኛው ስታዲየም መግባት መቻል ነው። በቲቪ ብቻ የሚታይ ቡድን አለ፣ በአውቶቡስ የሚደረስበትም አለ። ሦስተኛው ወጪ ነው። የቲኬቱን ብቻ ሳይሆን የወር ክፍያውንም ቁጠሩ። አንዱ ሊግ በአንድ አፕሊኬሽን ያልቃል፣ ሌላው ሦስት አራት ያስከፍላል።

አራተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። መሸነፍ ምን ያስከትላል? አውሮፓ ውስጥ መጨረሻ የወጣ ክለብ ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ አይወርድም። አምስተኛው አብሯችሁ የሚያይ ሰው መኖሩ ነው። ብቻውን ጎል የሚያከብር ሰው ብዙ አይቆይም።

መመዘኛ መሆን የሌለበት አንድ ነገር አለ፤ ተጫዋች። ሊድስ ዩናይትድ በ2022/23 አሜሪካዊ አሰልጣኝ ጄሲ ማርሽ ነበረው። ታይለር አዳምስና ብሬንደን አሮንሰን ነበሩት። በመሃል ዌስተን ማኬኒ በውሰት መጣ። ያኔ ሊድስን "የኛ ቡድን" ያለ አሜሪካዊ ጥቂት አልነበረም። ከዚያ ማርሽ ዓመቱ ሳያልቅ ተባረረ። ቡድኑ ወረደ። ማኬኒ ወደ ጁቬንቱስ ተመለሰ፣ አዳምስ ቦርንማውዝ ገባ፣ አሮንሰን በውሰት ወደ በርሊን ሄደ። ማልያ የገዛው ደጋፊ ግን ከሊድስ ጋር ሁለተኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ቀረ።

## የከተማችሁ ቡድን፦ ኤምኤልኤስ

ሊጉ በ1996 ነው የተጀመረው። ሳን ዲዬጎ በ2025 ሲገባ 30 ክለብ ሆነ፤ ሦስቱ የካናዳ ናቸው። አብዛኛው ጨዋታ ቅዳሜ ማታ 1:30 ይጀምራል፣ በየከተማው ሰዓት። የሚተላለፈው በአፕል ቲቪ ነው። ለብቻው ይከፈልበት የነበረው የኤምኤልኤስ ጥቅል ከ2026 ጀምሮ ቀርቷል። የአፕል ቲቪን የወር ክፍያ የከፈለ ሰው ሁሉንም ጨዋታ ያያል። በዚህ በኩል ከሁሉም ቀላሉ ሊግ ነው።

የጨዋታው ደረጃ ከአውሮፓ ትልልቆቹ ሊጎች በታች ነው። ይህን መካድ አያስፈልግም። ሜሲ በ2023 ኢንተር ማያሚ ገባ፣ ክለቡም በ2025 ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ግን የሊጉን ተከላካዮች አላሻሻላቸውም። ሊጉ የራሱ የሆነ ነገር አለው፤ የደመወዝ ጣሪያ። ጥቂት ኮከቦች ከጣሪያው ውጪ ይከፈላቸዋል፣ የቀረው ቡድን ግን ተመጣጣኝ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ዋንጫ ያነሳ ለከርሞ ገደል ሊገባ ይችላል። ሎስ አንጀለስ ጋላክሲ በ2024 ስድስተኛ ዋንጫውን ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያዎቹን 16 ጨዋታዎች አንድም ሳያሸንፍ ጨረሰ። ይህ የሚያዝናናው ሰው አለ፣ የሚያናድደውም አለ።

ጋላክሲ ግን አልወረደም፤ የሚወርድበት ሊግ የለማ። ዲሲ ዩናይትድም እንዲሁ። ሊጉ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች ወሰደ። በ1999 እና በ2004 ደገመ። በ2022 ደግሞ ከሊጉ ሁሉ መጨረሻ ወጣ። ያን ዓመት ዌይን ሩኒ በአሰልጣኝነት ቢመጣም አላዳነውም። እንግሊዝ ቢሆን ያ ውርደት ብዙ ሚሊዮን ያሳጣ ነበር። እዚህ ግን "ለከርሞ እንገናኝ" ተባለና አለፈ። ለእኔ የሊጉ ትልቁ ድክመት ይሄ ነው። መስከረም አካባቢ ምንም የማይፈልግ ቡድን ከሌላ ምንም የማይፈልግ ቡድን ጋር ሲጫወት ማየት ያደክማል።

ያም ሆኖ ስታዲየም መግባት ነገሩን ይቀይረዋል። ከጎል ጀርባ ያለው የደጋፊዎች ቦታ የዚህ አገር ካታንጋ ነው። ከበሮ አለ፣ ዘፈን አለ፣ ዘጠና ደቂቃ የሚቀመጥ የለም። የዲሲ ዩናይትድን ደጋፊዎች ካሟሟቁት ማህበሮች አንዱ፣ ባራ ብራቫ፣ የላቲን አሜሪካ ስደተኞች ያቋቋሙት ነው። በድሮው አርኤፍኬ ስታዲየም እነሱ ሲዘሉ መቀመጫው ራሱ አብሮ ይዘል ነበር። አሁን ክለቡ የሚጫወትበት ኦዲ ፊልድ 20 ሺህ ሰው ይይዛል። በሜትሮ አረንጓዴው መስመር ኔቪ ያርድ ወርዶ በእግር ይደረሳል። ሚኒሶታ ያለ ሰው ሴንት ፖል ላይ አላያንዝ ፊልድ አለው። አትላንታ ደግሞ ሌላ ነው። የ2018ቱን ፍጻሜ ከ73 ሺህ በላይ ሰው ስታዲየም ገብቶ አይቷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የአሜሪካ ክለብ ከተማ ሊቀይር ይችላል። ሳን ሆሴ ከ2005 በኋላ ቡድኑ ተነቅሎ ሂውስተን ገባ። እዚያም በ2006 እና በ2007 ዋንጫ አነሳ። የሳን ሆሴ ደጋፊ ያንን በቲቪ አየ። ኮሎምበስ ላይም በ2017 ባለቤቱ ቡድኑን ወደ ኦስተን ሊወስድ ነበር። ደጋፊው ተነሳ፣ ከተማው ተነሳ፣ አዲስ ገዢ ተገኘ። የተረፈው ክለብ በ2020 እና በ2023 ሻምፒዮን ሆነ። እንደኔ በዚህ ሊግ ውስጥ ከኮሎምበስ ደጋፊ የበለጠ "የኔ ቡድን" የማለት መብት ያለው የለም።

## ፕሪሚየር ሊግ

ምሥራቅ ጠረፍ፣ ማለትም ዋሽንግተን፣ ኒውዮርክ ወይም አትላንታ ያለ ሰው ቅዳሜ ጠዋት 1:30፣ 4:00 እና 6:30 ላይ ያያል። ከምሳ በኋላ ቀኑ የራሱ ነው። ሲያትልና ሎስ አንጀለስ ያለው ግን የመጀመሪያውን ጨዋታ ለማየት ከሌሊቱ 10:30 መነሳት አለበት። በተጨማሪ አሜሪካና እንግሊዝ ሰዓታቸውን በአንድ ቀን አይቀይሩም። በማርች ሁለት ሦስት ሳምንት፣ በኦክቶበር መጨረሻም አንድ ሳምንት ጨዋታው እዚህ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይገባል። ሳያውቅ በጊዜ ተነስቶ የሚበሳጭ ብዙ ነው።

ከ2013 ጀምሮ ሊጉን የሚያስተላልፈው ኤንቢሲ ነው፤ ብዙው ጨዋታ የራሱ አፕሊኬሽን በሆነው ፒኮክ ላይ ነው። የሚገርመው ነገር፣ አሜሪካ ያለ ደጋፊ ከእንግሊዛዊው የበለጠ ጨዋታ በቀጥታ ያያል። እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በዋናው ሰዓት የሚደረጉ ጨዋታዎች በቲቪ አይተላለፉም። ሰው ስታዲየም እንዲገባ ተብሎ የወጣ የቆየ ደንብ ነው። ማንቸስተር ያለው ሰውዬ በሬዲዮ የሚሰማውን ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሶፋው ላይ ያየዋል።

የዚህ ሊግ ጥንካሬ ውጤት ትርጉም ያለው መሆኑ ነው። አንደኛው ለዋንጫ፣ አምስተኛው ለአውሮፓ፣ አስራ ሰባተኛው ላለመውረድ ይጫወታል። ሰኞ ሥራ ቦታ የሚያወሩት ሰው አይጠፋም። ድክመቱ ርቀቱ ነው። ስታዲየም መግባት ማለት የአየር ትኬት ማለት ነው። "ክለቡ ራሱ በክረምት ይመጣል" ይባላል፤ እውነት ነው፣ ይመጣል። በ2014 ማንቼ ከሪያል ማድሪድ ሚሺጋን ላይ ሲጫወት ከ109 ሺህ በላይ ሰው ገብቷል። ግን እነዚህ የዝግጅት ጨዋታዎች ናቸው። ትኬቱ ይወደዳል፣ ከእረፍት በኋላ ሜዳ ላይ የምታዩት ስሙን የማታውቁት ልጅ ነው። ለገንዘባችሁ ካሰባችሁ ይቅርባችሁ።

ከሃያዎቹ የትኛውን? አርሰናልን፣ ሊቨርፑልን ወይም ማንቼን መያዝ ነውር የለውም፤ የሦስቱም ትልቁ ድርሻ በአሜሪካውያን እጅ ነው። ጥቅሙ አብሮ የሚያይ ሰው ማግኘት ቀላል መሆኑ ነው፤ በተለይ አበሻ ባለበት ከተማ። ጉዳቱ ቡድኑ ሲያሸንፍ "ዋንጫ አይተህ ነው የመጣኸው" ተብሎ ሙድ ይያዝባችኋል። ሲሸነፍ ደግሞ ስልካችሁ አያርፍም። መካከለኛ ክለብ መያዝ ሌላ ጣዕም አለው። ፉልሃም ከነአሜሪካዊው ክሊንት ዴምፕሲ ዘመን ጀምሮ ከአሜሪካ ጋር የቆየ ትስስር አለው። ክሪስታል ፓላስ በ2025 ማንቸስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ ኤፍኤ ካፕን ሲያነሳ በታሪኩ የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ ነበር። አሜሪካዊው ክሪስ ሪቻርድስም ተከላካይ ሆኖ ነበረበት። ያን ቀን ያለቀሰ የፓላስ ደጋፊ የሲቲን ስድስት ዋንጫ በዚያ አይለውጠውም።

ሬክሰምም አለ። ሁለት የፊልም ተዋናዮች በ2021 የገዙት የዌልስ ክለብ ነው። በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በተከታታይ አድጎ ከፕሪሚየር ሊግ አንድ ደረጃ በታች ደርሷል። ታሪኩ ደስ ይላል። ግን የታሪኩ ምርጥ ክፍል አልፎ ሊሆን ይችላል።

## የቀረው አውሮፓ

ላሊጋ በኢኤስፒኤን በኩል ይታያል። ሪያልና ባርሳን ከልጅነት ጀምሮ የሚወድ ሰው ምክር አያስፈልገውም። ለአዲስ ሰው ግን ከሁለቱ ውጪ ያለውን ክለብ አብሮት የሚያይ ጓደኛ ማግኘት ከባድ ነው። ጣልያን ኤሲ ሚላን አሜሪካዊውን ክርስቲያን ፑሊሲችን ከ2023 ጀምሮ ይዟል፤ ከላይ ስለ ተጫዋች ያልኩትን አስታውሱ። ጀርመን የተለየ ክብር ይገባዋል። ከጥቂት ክለቦች በስተቀር የድምፅ ብልጫው በአባላቱ እጅ እንዲሆን የሊጉ ደንብ ያስገድዳል። የቅዳሜው ዋና ሰዓት በምሥራቅ ጠረፍ ጠዋት 3:30 ነው፤ ምቹ ነው። ግን ባየርን ከ2013 እስከ 2023 ድረስ 11 ጊዜ በተከታታይ ዋንጫውን ወስዷል። ሌቨርኩሰን በ2024 እስኪሰብረው ድረስ።

ቻምፒየንስ ሊግ ማክሰኞና ረቡዕ በአብዛኛው ከቀኑ 9:00 ላይ ይገባል። ሥራ ላይ ናችሁ። አለቃችሁን እወቁ።

## ሊጋ ኤምኤክስ

እኛ ቁጥር ውስጥ አናስገባውም። አሜሪካ ውስጥ በቲቪ ብዙ ተመልካች ያለው የኳስ ሊግ ግን የሜክሲኮው ነው። ጨዋታው ማታ ነው፣ ቋንቋው ስፓኒሽ ነው፣ በዓመት ሁለት ሻምፒዮን ይወጣል። ክለብ አሜሪካና ቺቫስ ዋነኞቹ ባላንጣዎች ናቸው። ቺቫስ ሜክሲኳዊ ብቻ ነው የሚያሰልፈው። ከ2020 ወዲህ መውረድ የለም። ኪችን ውስጥ ወይም ግንባታ ላይ ከሜክሲኳውያን ጋር የምትውሉ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን ይከብዳል።

## የሴቶቹ ሊግ

በሌላው ሁሉ አሜሪካ ተከታይ ናት፤ እዚህ ግን መሪ ናት። ሊጉ፣ ኤንደብሊውኤስኤል፣ በ2013 ተጀምሮ በ2026 ቦስተንና ዴንቨር ሲጨመሩ 16 ክለብ ሆኗል። ካንሳስ ሲቲ በ2024 የከፈተው 11,500 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ለሴቶች ፕሮፌሽናል ቡድን ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ነው። የማላዊዋ ቴምዋ ቻዊንጋ እዚያ ትጫወታለች። በ2024 በአንድ የውድድር ዓመት 20 ግብ አግብታለች። የዛምቢያዋ ባርብራ ባንዳ ደግሞ በዚያው ዓመት ኦርላንዶን ለዋንጫ አብቅታለች። አፍሪካዊት አጥቂ ሊጉን ስትነዳው ማየት ለኛ ቤት ልጆች ትርጉም አለው።

ኔኦሚ ግርማን የማያውቅ ካለ ይወቅ። በ2000 ሳን ሆሴ የተወለደች፣ የኢትዮጵያውያን ልጅ ናት። ኳስ የጀመረችው አባቷና ሌሎች ወላጆች ለሰፈሩ አበሻ ልጆች ባቋቋሙት "ማለዳ" በሚባል ስብስብ ነው። በ2022 ምልመላ አንደኛ ተመርጣ ሳን ዲዬጎ ዌቭ ገባች። በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። በ2025 መጀመሪያ ቼልሲ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ሲወስዳት፣ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የተከፈለባት የመጀመሪያዋ ሴት ተጫዋች ሆነች። ለእሷ ብሎ ሳን ዲዬጎን የያዘ ሰው አሁን ምን ያድርግ? ሳን ዲዬጎ የሚኖር ከሆነ ይቀጥል። ሌላ ከተማ ከሆነ እሷን በብሔራዊ ቡድን ይከታተል፣ ክለብ ግን ከቅርቡ ይያዝ።

ቲኬቱ ብዙ ጊዜ ከወንዶቹ ይቀንሳል፣ ስታዲየሙ ለልጅ ይመቻል። ዲሲ አካባቢ ያለው ዋሽንግተን ስፒሪት ራሱ ኦዲ ፊልድ ላይ ነው የሚጫወተው። ድክመቱ ስርጭቱ ነው። ጨዋታዎቹ ሲቢኤስ፣ ኢኤስፒኤን፣ አማዞንና አዮን ላይ ተበትነዋል። የትኛው የት እንደሆነ በየሳምንቱ መፈለግ ያሰለቻል።

## ትንንሾቹ

ሁለተኛው ዲቪዚዮን፣ ዩኤስኤል ቻምፒዮንሺፕ፣ በርካሽ ለሚፈልግ ነው። ዲትሮይት ሲቲ በአሮጌ ትንሽ ስታዲየም ውስጥ የሚፈጥረውን ጩኸት ብዙ የኤምኤልኤስ ክለብ አያገኘውም። ሰሜን ቨርጂኒያ ያለ ሰው ሊስበርግ ላይ ላውደን ዩናይትድ አለው። የዩኤስኤል ክለቦች በ2025 መውጣትና መውረድ እንዲጀመር ድምፅ ሰጥተዋል። ከ1914 ጀምሮ የሚካሄደው የአሜሪካ ክፍት ዋንጫም አለ። በ2022 የዩኤስኤሉ ሳክራሜንቶ ሦስት የኤምኤልኤስ ቡድን ጥሎ ፍጻሜ ደርሷል።

## ባጭሩ

| አማራጭ | ዋናው ሰዓት (ምሥራቅ ጠረፍ) | ስታዲየም መግባት | ወጪ | መሸነፍ የሚያስከትለው |
|---|---|---|---|---|
| ኤምኤልኤስ | ቅዳሜ ማታ 1:30 | በከተማችሁ ካለ ቀላል | መካከለኛ፣ አንድ አፕሊኬሽን | መውረድ የለም |
| ፕሪሚየር ሊግ | ቅዳሜና እሁድ ጠዋት | በአውሮፕላን | ለቲቪ መካከለኛ | መውረድ፣ አውሮፓን ማጣት |
| ሌላው አውሮፓ | ጠዋትና ቀን | በአውሮፕላን | ሊግ ሲጨመር ይጨምራል | መውረድ |
| ሊጋ ኤምኤክስ | ማታ | ክለቦቹ አልፎ አልፎ ይመጣሉ | በአንቴናም የሚታይ አለ | መውረድ የለም |
| የሴቶች ሊግ | ይለያያል | በከተማችሁ ካለ ቀላል | ቲኬቱ ይቀንሳል፣ ስርጭቱ የተበተነ | መውረድ የለም |
| ዩኤስኤል | ማታ | በጣም ቀላል | ዝቅተኛ | ገና አልተጀመረም |

## ለማን የትኛው?

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ከሴቶቹ ሊግ ወይም ከዩኤስኤል ጀምሩ። ልጅ ቡድን የሚወደው ሳሩን በቅርብ ሲያይ ነው።

ቅዳሜ ማታ ኡበር ወይም ታክሲ የምትነዱ ከሆነ ኤምኤልኤስን እርሱት። ዋናው ገበያችሁ በዚያ ሰዓት ነው። ጠዋት ፕሪሚየር ሊግ ይሁን።

እሁድ ቅዳሴ የማትቀሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ብልሃት አለ። ሐሙስ በዩሮፓ ሊግ ወይም በኮንፈረንስ ሊግ የሚጫወት የእንግሊዝ ክለብ የሊግ ጨዋታው በብዛት እሁድ ይሆናል፤ ይኸውም ጠዋት 3:00 ወይም 5:30 ላይ ነው። ስለዚህ ወይ ለቻምፒየንስ ሊግ የደረሰ፣ ወይ ለአውሮፓ ያልደረሰ ክለብ ያዙ።

ምንም ብር ማውጣት ካልፈለጋችሁ ርካሽ አንቴና ግዙ። ኤንቢሲ የቅዳሜውን የ6:30 ጨዋታ ብዙ ጊዜ በነፃ ያሳያል። ዩኒቪዥን ላይም የሜክሲኮው ሊግ አለ።

ሁለት ቡድን መያዝ ይቻላል? ይቻላል፤ አንድ ሊግ ውስጥ እስካልሆኑ ድረስ። ጠዋት አውሮፓ፣ ማታ የከተማችሁን ማየት የተለመደ ነው። ኤምኤልኤስ በ2027 የውድድር ዘመኑን ከአውሮፓ ጋር አንድ ያደርገዋል፤ በክረምት አንዱ ሲያርፍ ሌላውን ማየት ያኔ ያበቃል። የቀኑ ሰዓት ግን አይጋጭም።

ቶሎ ማልያ አትግዙ፤ ስትገዙም የተጫዋች ስም አታስጽፉበት። መጀመሪያ ሁለት እጩ ቡድን ያዙና አንድ ወር ያህል ሁለቱንም ተከታተሉ። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ። ሥራ ላይ ሆናችሁ ውጤቱን በስልክ ሰርቃችሁ ያያችሁት የየትኛውን ነው?